ተዘቅዝቀው የሚሄዱ ሰዎች

እኔ ሸዋርካብሽ እባላለሁ። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ምላሴን የማይፈራ ነጋዴ ካለ ገና አልተወለደም። ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው ሁሉ «እትዬ ሸዋ መጡ» ሲባል አደብ ይገዛል። ይህን የምለው ልጎርርባችሁ አይደለም። ያቺ ሁሉን የምታስፈራ ሴትዮ ባለፈው መስከረም የገዛ ስቶሯን ፈርታ፣ ቁልፍ ይዛ መግባት አቅቷት በሩ ላይ ቆማ እንደነበር እንድታውቁት ነው።

ስቶሩ ከአባቴ ለእናቴ፣ ከእናቴ ለእኔ የተላለፈ ነው። ጠባብ፣ ረጅም፣ መስኮት የሚባል ነገር የማያውቅ ቤት፤ በሩ ላሜራ፣ ግድግዳው ጭቃ። ሌላ ጊዜ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ጆንያ ይደረደርበታል። ዘንድሮ ግን የበርበሬው ዋጋ እሳት ሆነ፤ የአምናው አለቀ፣ አዲሱ ገና አልገባም። ስቶሩ ባዶውን ሲቀር ጊዜ ለዘመን መለወጫ ብዬ ያንን ግድግዳ ኖራ አስቀባሁት። ምናለበት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይንጣ ብዬ።

በእኛ ዘንድ ማንም ያልጻፈው አንድ ደንብ አለ። ሚጥሚጣ ከጆንያ ወደ ጆንያ የሚገለብጥ ሰው በሩን ይዘጋል። ካልዘጋ ብናኙ መንገዱን ይሞላውና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያስነጥስና እናትህን ሲል ይውላል። ስለዚህ አፍና አፍንጫችንን በሻሽ አስረን፣ በራችንን ቀርቅረን፣ በአንዲት አምፖል እንሠራለን። ያን ቀንም እንደዚያው አደረግኩ። መስቀል ሊደርስ ሳምንት ቢቀረው ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ወንፊቴን ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ መብራት ሄደ።

የሚሄድ ነገር ነውና አልገረመኝም። ልራገም ቀና ስል ግን ግድግዳዬ ላይ ሰው አየሁ።

አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ሰው። እግራቸው ወደ ጣሪያው፣ ጭንቅላታቸው ወደ መሬት ሆኖ ይሄዳሉ። ጥላ ነው እንዳትሉኝ፤ ጥላ ቀለም የለውም። ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለፈች፤ ጃንጥላዋ ከሥሯ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ጆንያ የተሸከመ ሰው አለፈ፤ ጆንያው እሱን ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል። ታክሲ አለፈ፣ ጎማው ወደ ላይ፣ ኮሽ ሳይል። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ሰማዩ ከታች ነበር። እግሬ አጠገብ፣ ግድግዳው ግርጌ ላይ፣ ያ የመስከረም ሰማያዊ ሰማይ ከነነጭ ዳመናው ፈሶ ተኝቷል። ውጭ መርካቶ ይጮሃል፣ ጋሪ ይንኳኳል፣ ሰው ይሰዳደባል፤ ግድግዳዬ ላይ ግን ሁሉም ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሰው ይሄዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ፈገግ አልኩ። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ።

እናቴ ስንታየሁ ትባላለች። ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አብነት ሰፈር፣ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ ስቶር የምትሠራው እሷ ነበረች። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩ ላይ ሰው ግጥም ብሎ አገኘሁ። እናቴ መሀል ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፣ ትስቃለች። «ሰዎች ተዘቅዝቀው ግድግዳው ላይ ይሄዳሉ! ኑ እዩ!» ትላለች። አጎቴ ጣሰው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «የታለ? የታለ እስቲ አሳዪኝ?» አላት። ግድግዳው ባዶ ነው። «አሁንማ በሩን ስትከፍተው ጠፉ! ዝጋውና እይ» አለችው። ማን ይዘጋል? ካበደች ሴት ጋር በጨለማ ማን ይዘጋል? «እንዳትዘጉት፣ ብቻዋንም እንዳትተዉአት» እያለ ክንዷን ይዞ አወጣት።

በማግስቱ ጸበል ወሰዷት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት ዓመት ተንከራተተች። ስትመለስ አጥንቷ ብቻ ነበር የተመለሰው፤ ሳቋ ቀርቷል። «ዳነች» ተባለ። ከዚያ ወዲህ መርካቶን አልረገጠችም። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ካናገሯት ትመልሳለች፤ ካላናገሯት ዝም ነው። እኔ ትምህርቴን ጥዬ ስቶሩ ውስጥ ገባሁ። አጎቴ ያንን ግድግዳ «ክፉ መንፈስ አለበት» ብሎ በጆንያ ደፈነው፤ እኔም ባዶ ትቼው አላውቅም ነበር። የበረንዳው ልጆች «የእብዷ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ምላሴ የተሳለው ያኔ ነው፤ ዝም ብል ኖሮ ይበሉኝ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ያ በሽታ በዘር ይሄዳል ሲሉ ነው ያደግኩት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር መጣ።

በሩን በርግጄ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ሰዎቹን አየኋቸው፤ ሁሉም በእግሩ ይሄዳል። ወደ ውስጥ ዞር ስል ግድግዳው ባዶ ነው። ልክ እንደ እናቴ። ኧረ በስመአብ! ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ መጡ። አንዱን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ ደገምኩ፤ ስገልጠው አንድ ሰውዬ ሰማዩ ላይ ጭንቅላቱን አድርጎ ስልክ ያወራል። ለራሴ አልነበረም የፈራሁት። እኔን ይዘው ሲሄዱ እናቴን ማን ያጎርሳታል? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ይህ ነበር የሚያንገበግበኝ።

እያደርኩ ሳስበው ቆረጥኩ። ሰው ሳያውቅብኝ፣ በገዛ እግሬ ጸበል ልሄድ፤ ስቶሩን ላከራይና በኪራዩ ለእማዬ ሰው ልቀጥርላት። ጎረቤቴ ጀማለዲን ዘንድ ሄድኩ። ቅመማ ቅመም አከፋፋይ ነው፤ ሃያ ዓመት ስንጣላና ስንታረቅ ኖረናል።

«ጀማል፣ ስቶሬን ትፈልገዋለህ?»

«ወላሂ ሸዋ፣ ምን ሆነሽ ነው? እኔና አንቺ በዚህ በረንዳ እስክናረጅ አልነበረም ወሬያችን?»

«እኔ አርጅቻለሁ። ቅዳሜ ቁልፉን እሰጥሃለሁ፤ ካልፈለግክ ለሌላ እሰጣለሁ። ምርመራ አልወድም!»

ትክ ብሎ አየኝ። ጮኼበት እንኳ አለመከራከሩ የበለጠ አስፈራኝ። ፊቴ ላይ ይታይ ይሆን እንዴ? ብዬ ቤቴ ገብቼ መስታወት አየሁ።

ሐሙስ ከሰዓት የጀማለዲን ልጅ ሰኪና መጣች። ሰባተኛ ክፍል ናት። ያቺ ልጅ ጥያቄዋ ቢሸጥ አባቷ እስካሁን ፎቅ ሠርቶ ነበር። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሬ ላይ ቆመች።

«እትዬ ሸዋ፣ ስቶርዎን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«ለምንሽ?»

«ጨለማ ፈልጌ ነው።»

«እንዴ! መብራት በጠፋበት አገር ጨለማ የኔ ቤት ብቻ ነው ያለው?»

«ጨለማና ብናኝ አንድ ላይ ያለው የእርስዎ ቤት ብቻ ነው» አለችኝ፣ ሳታፍር። «የሳይንስ መምህራችን፣ መምህር ቶላ፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲሄድ በዓይናችሁ አይታችሁ ኑ ብለውናል። ከመጽሐፍ ገልብጦ የመጣ ዜሮ ነው። አባዬ ሱቅ ሞከርኩ፣ መስኮት አለው። የእርስዎ ጣሪያ ላይ ትንሽዬ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ የምትገባው ጨረር ላይ ሚጥሚጣ ብበትንባት መንገዷ ይታየኛል።»

«ሚጥሚጣ? ዓይንሽ ሊጠፋ!»

«መነጽር ይዣለሁ» ብላ የአባቷን የሞተር ሳይክል መነጽር ከቦርሳዋ አወጣች። ዝግጅቷን እዩልኝ!

እምቢ ልላት ይገባ ነበር። ግን ምን ብዬ? ልጅቷን ያ ነገር ይነካታል ብዬ ፈራሁ፤ ደሞ እምቢ ካልኩ ለምን ትላለች፣ እሷ ደግሞ ለምን ማለት ከጀመረች አታቆምም። «አሥር ደቂቃ፤ ትንሽ ሚጥሚጣ ብቻ፣ ከዚያ ትወጫለሽ» ብዬ አምፖሉን አጥፍቼ ከውጭ በሩን ዘጋሁላት። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ያሉትን ሱቆች ወርቅ አስመስላቸዋለች።

መጀመሪያ ማስነጠስ ሰማሁ። ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም። ከዚያ «ወይኔ!» የሚል ጩኸት።

በሩን በርግጄ ገባሁ። «ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?»

«እትዬ፣ ለምን ከፈቱት! ይዝጉት፣ ይዝጉት ቶሎ!»

ይዝጉት። ያቺ የእናቴ ቃል ናት። ግን ዘጋሁት። ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም፤ ከውስጥ ሆኜ ዘጋሁት። ጨለማው ውስጥ አጠገቧ ቆምኩ፤ ግድግዳውን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው።

«ሰኪና፣ እኔ ምንም አልነግርሽም። ግድግዳው ላይ የምታዪው ካለ አንቺ ንገሪኝ። አትዋሺኝ፣ በአላህ!»

«ሰዎች ናቸው እትዬ። ተዘቅዝቀዋል። ይኸው አንድ ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰውዬ መጣ። ቆመ። ጀሪካኑን አወረደ… አይ፣ ወደ ላይ አወጣ ማለት ነው!»

ግድግዳውን አየሁ። ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰውዬ ቆሟል፤ ጀሪካኑን አወረደ።

ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። «አንቺም ታያለሽ?» አልኳት። «እውነት አንቺም ታያለሽ?»

ልጅቷ ግን አልሰማችኝም። ወደ በሩ ዞራ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ እንደገና ወደ በሩ ዞራ ታስባለች። ከዚያ በደረቷ ቁመት ላይ ወዳለች አንዲት የብርሃን ነጥብ ሄደች። አባቴ ድሮ የቤት ቁጥር ሊሰቅል በምስማር የበሳት ቀዳዳ ናት፤ በየቀኑ የምዘጋውና የምከፍተው በር ላይ ያለች፣ ልብ ብዬ አይቻት የማላውቅ ቀዳዳ። ሰኪና ጣቷን አደረገችባት። ሰዎቹ በሙሉ ጠፉ። ጣቷን አነሳች። መጡ።

«እትዬ!» ብላ ዘለለች። «መምህር ቶላ በካርቶን ያሳዩን ነው እኮ! ካርቶን በስተው፣ ሻማ አብርተው፣ ሻማዋ በካርቶኑ ውስጥ ተዘቅዝቃ ታየች። ይሄ ስቶር ራሱ ካርቶኑ ነው! እኛ ካርቶኑ ውስጥ ነን!»

«ረጋ ብለሽ ንገሪኝ። ለምንድን ነው የሚዘቀዘቁት?»

በእጆቿ አሳየችኝ። «የሰውዬው ጭንቅላት ከላይ ነው አይደል? ከጭንቅላቱ የሚነሳው ብርሃን ቀዳዳዋን የሚያገኛት እየወረደ ነው። ካለፈ በኋላ ይታጠፋል? አይታጠፍም፤ አሁን በሚጥሚጣው አየሁት፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው! እየወረደ ይቀጥልና ግድግዳው ግርጌ ላይ ያርፋል። ከእግሩ የሚነሳው ደግሞ እየወጣ ነው ቀዳዳዋን የሚያገኛት፤ እየወጣ ይቀጥልና ጣሪያው ሥር ያርፋል። አለቀ።»

«አለቀ?»

«አለቀ። ካላመኑኝ ይውጡና ቀዳዳዋ ፊት ለፊት ቆመው እጅዎን ያወዛውዙ። እኔ ከዚህ ሆኜ የቱን እንዳነሱ እነግርዎታለሁ።»

ወጣሁ። መሀል መንገድ ላይ፣ ጋሪውና ተሸካሚው በሚጋፋበት፣ ቀኝ እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ። «ቀኝ!» አለች ከውስጥ። ሁለቱንም አነሳሁ። «ሁለቱንም!» አለች። በአንድ እግሬ ቆምኩ። «ኧረ ይወድቃሉ!» አለች። ሳቄ መጣ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በርበሬ በረንዳ መሀል በአንድ እግሬ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እብድ ብመስል ኖሮ ያን ቀን ነው። ጀማለዲን ከሱቁ ብቅ አለ።

«ሸዋ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሳይንስ!» አልኩት። «ቁልፉን ደሞ እርሳው። ስቶሬን አላከራይም፣ በሕልምህም እንዳትመኘው!»

«አልሃምዱሊላህ» አለ ሰውዬው፣ በሁለት እጁ ፊቱን እያበሰ። ለካ እሱም ሲጨነቅ ከርሟል።

ተመልሼ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ከሰኪና ጋር ተቀመጥኩ። እንዲያው እንዳየው ፈልጌ ነው፣ ሳልፈራ። የሸዋ ተራራ ሁሉ ከደረቴ ላይ የወረደልኝ መሰለኝ። ሰዎቹ ያልፋሉ፣ ሰማዩ እግራችን ሥር ተኝቷል፣ ጣሪያው ላይ ልጆች ይራወጣሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «በሩን ስንከፍተውስ ለምን ይጠፋል?»

«ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ነው የሚታየው። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ይገባና ሁሉም ይደባለቃል። ያው አሉ፤ ግን አይለዩም።»

ያው አሉ፤ ግን አይለዩም። አጎቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «የታለ?» ሲላት፣ ያው ነበሩ።

«ይህን ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። አርባ ደቂቃ።»

አርባ ደቂቃ! ተነስቼ ግድግዳውን ያዝኩና አለቀስኩ። ልጅቷ ደንግጣ «ሚጥሚጣው ነው እትዬ? ዓይንዎ ውስጥ ገባ?» ትለኛለች። አዎ አልኳት። ምን ልበላት? ለእናቴ ሦስት ዓመት ብርድና ረሃብ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ዝምታ ከፈሏት፤ አርባ ደቂቃ የሰጣት ግን የለም። ጸበሉን አልከስም፤ ጸበሉ ምን አደረገ? የበደልናት እኛ ነን።

እኛ ስል አጎቴን ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። ያን ቀን እናቴ አጎቴን ተወት አድርጋ በሰዉ መሀል እኔን አይታኝ ነበር። «ሸዋዬ፣ አንቺ ነይ፤ ነይ ግቢና እዪ» ብላኛለች። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ እንጂ አልገባሁም። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ። ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ በዚያው ዓመት ተምሬያለሁ። መምህሩ ይላል፣ እኛ እንደግማለን፤ ስድሳ ሆነን በአንድ ድምፅ። ፈተና ላይ መጣ፤ አሥር ከአሥር አገኘሁ። ወረቀቱን ለእናቴ አሳይቻት ግንባሬን ስማኛለች። ግን ብርሃኑን ማንም አላሳየኝም፣ እኔም አሳዩኝ አላልኩም። ሽምደዳዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እናቴን ሲወስዷት አየሁ።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ነጭ ሽንኩርቷን ከፊቷ አነሳሁና «እማዬ፣ ስቶር እንሂድ» አልኳት። እጇ ቆመ። ረጅም ጊዜ መስኮቱን ስታይ ቆይታ ነጠላዋን አነሳች። ለምን እንኳ አላለችም። የሚታዘዝ ሰው ሆናለች፤ ያ ነው የሚያሳዝነኝ። ላዳ ታክሲ ይዘን ገባን። በረንዳው አካባቢ ስንደርስ የበርበሬው ሽታ ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች።

ጆንያ ላይ አስቀመጥኳት። ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ውጭ ፀሐዩ ይንቦገቦጋል። አምፖሉን አጠፋሁ፤ በሩን ዘጋሁ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ገና አንገቷን ሳታቀና፣ መሬት መሬት እያየች፣ «አላይም» አለች። «ምንም አላይም ልጄ። ድኛለሁ።»

«እማዬ፣ እኔ አያለሁ» አልኳት። «ቀና በይ። አንድ ሸማ የለበሰ ሽማግሌ ከወዲያ እየመጣ ነው። ከዘራው ወደ ላይ ነው።»

አላመነችኝም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ፊቴን አየች፣ የማሾፍባት እንደሆነ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ቀና አለች። ሽማግሌው መሀል ግድግዳ ላይ ደርሶ ቆሟል።

«ጫማውን ሊያስር ነው» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። እናቴ ሳቀች። ያንን ሳቅ ረስቼው ነበር፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያጣሁት ሳቅ ነው። ብዙ አየን። ነፋሱ ሸራ ሲያወዛውዝ አየን፤ አንዲት ሴት ቁልቁል ወደ ሰማይ የተቆለለ ብርቱካን ስትመርጥ አየን፤ እናቴ በየጊዜው «ይኸው፣ ይኸው» ትላለች። እኔም የጣት ሥራውን አሳየኋት፤ የራሷን ጣት ይዤ ቀዳዳዋ ላይ አደረግኩና ሰኪና እንዳስረዳችኝ አስረዳኋት። ጭንቅላቱ ለምን ከታች እንደሚያርፍ፣ እግሩ ለምን ከላይ። በሩ ሲከፈት ለምን እንደሚጠፉ። ሁሉንም ሰማችኝ።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው እማዬ።»

«እኔ ፈርቼ አልነበረም እኮ የጮህኩት። ደስ ብሎኝ ነው። ሰው ይይልኝ ብዬ ነው።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «እዚያ ጸበል ቦታ በየቀኑ ‹አሁንስ አይቻለሁ ትያለሽ?› ይሉኛል። አይቻለሁ እላለሁ፤ ጸበሉን ይደግሙልኛል። በሦስተኛው ዓመት አላየሁም አልኩ። እልል አሉ። በዕድሜዬ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ጊዜ ይህን አስተምረውሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ጠርቼሽም ነበር።»

«አዎ እማዬ። ፈርቼሽ ነው።»

እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ አልነጠቀችኝም። አልተቆጣችም። ሒሳብ እንደምታስብ ሴት ግድግዳውን እያየች ተናገረች።

«ገብተሽ ብታዪ ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር» አለች። «ሁለት ብንሆን ደግሞ አይወስዱኝም ነበር።»

እውነቷን ነው። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ እሱን የሚያህል ይቅርታ አላውቅም። እጇን እንደያዝኩ፣ ፀሐይዋ ዞራ ግድግዳው እስኪጠቁር ድረስ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ።